የትኛውን እንጣል? ሳቁን ወይስ ምጡን?

ጥያቄው ከደሴ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን። ደሴ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። 95 ገጽ ስክሪፕት ጽፈናል፤ ልከንልዎታል። ይመር 22 ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ዘሀራን ያገባል። ስድስት ወር ሳይሞላቸው ታረግዛለች። ይመር ይደነግጣል፣ የማይሆን ነገር ሁሉ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ምጡ ይከብዳል። መነሻ የሆነን እንደ ፈረንጆቹ በ1988 የወጣው «ሺ ኢዝ ሃቪንግ ኤ ቤቢ» የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ያነበቡልን ሰዎች ሁሉ የሚሉን አንድ ነገር ነው። ‹ይሄ ሁለት ፊልም ነው፤ ወይ አስቁን ወይ አስለቅሱን።› የትኛውን እንጣል?»

አንዱንም አትጣሉ። አንባቢዎቻችሁ ያዩት ሕመም እውነት ነው። ያዘዙት መድኃኒት ግን የሌላ በሽታ ነው።

ስክሪፕቱን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ አንዴ እርሳስ ይዤ። እስከ ገጽ 61 ድረስ ቀልድ ነው። ጥሩ ቀልድ። ይመርና የባጃጁ ሹፌር ሲነታረኩ ብቻዬን ስስቅ ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «ምን ነካህ?» አለችኝ። ገጽ 62 ላይ ደም፣ አምቡላንስ፣ ጩኸት። ከዚያ ወዲያ አንድም ሳቅ የለም። ተመልካች እንዲህ ሲደረግ ይከፋዋል። የሚከፋው ማዘኑ አይደለም፣ መታለሉ ነው። ሰርግ ተጠርቶ ሄዶ ድንኳኑ የለቅሶ ሆኖ ያገኘው ሰው ምን ይላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀልዳችሁ የሚመጣው ከባጃጁ፣ ከአለቃው፣ ከጎረቤቱ ነው። ፍርሃታችሁ የሚመጣው ከሐኪም ቤት ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። ከአንድ ቦታ ብታወጧቸው ኖሮ ማንም «ሁለት ፊልም ነው» አይላችሁም ነበር። ቦታው ደግሞ ስክሪፕታችሁ ውስጥ አለ። ገጽ 64 ላይ በግማሽ መስመር አልፋችሁታል። «ይመር በሩ ላይ ይቆማል» ትላላችሁ።

በቃ፣ ፊልማችሁ እሱ ነው። በሩ።

ስለ በሩ ከራሴ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው በ1989 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ አማቴ ቤት ነው። እንደ ወጉ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ልጅ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። እኔ ከደሴ ደረስኩ። ሴቶቹ ግቢውን ሞልተውታል። ቡና ተፈልቷል፣ ዱዓው ተይዟል። ሙስሊሟ «ማርያም ትቅረብሽ» ትላለች፣ ክርስቲያኗ «ዱዓ አድርጉላት እንጂ» ትላለች። ያው ወሎ ነው። እኔ ልግባ ስል አንዲት አክስት በእጇ ደረቴን ገታ አድርጋ «ክብሪት ግዛ» አለችኝ። ሮጥኩ። ገዝቼ መጣሁ። «ሎሚ» አለችኝ። ሮጥኩ። ተመለስኩ። «ክብሪት» አለችኝ እንደገና።

ሱቁ ቅርብ አልነበረም። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሬ ብሎን እንደላላ ማሽን ይንቀጠቀጥ ነበር። ስመለስ ግቢው ፀጥ ብሏል። ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞረዋል። ማንም አላየኝም። ክብሪቱን የምሰጠው ሰው አጣሁ። ያ ፀጥታ ምን ያህል እንደቆየ ዛሬም አላውቅም። አንድ ደቂቃም ይሆናል፣ አስርም። ከዚያ እልልታ። እቆጥር ጀመር። በአገራችን በብዙ ቤት ለወንድ ልጅ እልልታው ይረዝማል፣ ለሴት ያጥራል። ሦስት ላይ ቆመ። ተቀመጥኩ። መሬት ላይ።

በኋላ አማቴ ነገረችኝ። ቤቱ ውስጥ ሙሉ ፓኬት ክብሪት ነበር። ሥራው እኔን ከበሩ ማራቅ ነበር።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስቀው የቱ ነው? የሚያስፈራውስ? እኔ መለየት አልችልም። ክብሪቱ ሲጀምር ያስቃል። ያው ክብሪት ግቢው ፀጥ ሲል እጄ ላይ አለ። ሌላ ነገር አልተጨመረም። ሐኪም አልጮኸም፣ አምቡላንስ አልመጣም። እናንተም ማድረግ ያለባችሁ ይህንኑ ነው። ያሳቀንን ዕቃ መልሳችሁ ስታመጡት አይሳቅም።

ደግሞ ዕቃው አላችሁ! ገጽ 12 ላይ ይመር ለጋብቻ ወረቀቱ ፊርማ ሲለማመድ አለ። እስከዚያ ቀን ፊርማ አልነበረውም። ስሙን ነበር የሚጽፈው። የሲጋራ ወረቀት፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ የጓደኛው ክንድ ሳይቀር በፊርማ ይሞላል። በጣም ጥሩ ሲን ነው። ከዚያ ግን ረሳችሁት። ገጽ 71 ላይ ሐኪሙ በር ላይ ወጥቶ «እናትየዋን ወይስ ልጁን እናትርፍ?» ይላል።

እባካችሁ ይህችን መስመር አውጧት። ከስንት ፊልምና ድራማ ሰማናት? ሐኪም በር ላይ ቆሞ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ፊርማ ነው። ነርሷ ቅጽ ይዛ ትወጣለች። «ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፣ እዚህ ጋ ፈርም።» በቃ። ድምፅዋ የሱቅ ሒሳብ የምትነግር ይመስላል፣ ምክንያቱም በቀን ስንት ጊዜ የምትለው ነገር ነው። ይመር እስክሪብቶውን ይይዛል። ያቺ ያጌጠች፣ ጭራዋ የተጠማዘዘ ፊርማ አልመጣ ትለዋለች። ስሙን ይጽፋል። እንደ ተማሪ፣ ፊደል በፊደል። ይ። መ። ር። ገጽ 12 ላይ የሳቀ ሰው እዚህ ምን እንደሚሆን አስቡት። አንድ ቃል አያስፈልጋችሁም። ገጽ 71ን ከአምስት መስመር በላይ አታድርጉት።

አሁን ወደ አሜሪካው ፊልም ልምጣ። እንደ መነሻ መውሰዳችሁ ጥሩ ነው። የወሰዳችሁት ግን ቅርፊቱን ይመስለኛል።

ጆን ሂዩዝ ጽፎ ያዘጋጀው ነው። ራሱ በ20 ዓመቱ ያገባ፣ ቺካጎ ውስጥ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ባለታሪኩ ጄክም ቺካጎ ማስታወቂያ ይጽፋል። ልቡ ደራሲ መሆን ነው የሚፈልገው። ኬቨን ቤከን ነው የተጫወተው፤ ሚስቱን ክሪስቲን ኤሊዛቤት ማክገቨርን። መጀመሪያ ላይ ሰርጉ አለ። ጄክ መሠዊያው ፊት ቆሞ የሚሰማው ቃል ኪዳን ቄሱ ያሉት አይደለም። በሱ ጆሮ ቄሱ «ባለአራት መኝታ ቤት ትገዛላታለህ? ክሬዲት ካርድስ? መርሴዲስስ?» እያሉ ይቀጥላሉ። እናንተ ይህንን አይታችሁ ለይመር ሦስት የሕልም ትዕይንት ሰጣችሁት። አንዱ ላይ መርሴዲስ አለ። ደሴ፣ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ፣ መርሴዲስ ያልማል? እሺ፣ ያልም ይሆናል። የሚያስፈራው ግን እሱ አይደለም። ይመርን የሚያስፈራው የሽማግሌዎቹ ዝምታ ነው። «ልጁ ጨዋ ነው» ብለው ካመሰገኑት በኋላ ትንሽ ዝም ሲሉ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ምን ይሰማል? የቤት ኪራይ፣ የጤፍ ዋጋ፣ የበግ ዋጋ። ሕልሙን ከዚያ አውጡት። የሂዩዝ ጉብዝና መርሴዲሱ አይደለም። ሰው የሚባለውንና የሚሰማውን መለየቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር መጨረሻው ነው። ምጡ ሲከብድ ጄክን ከማዋለጃው ክፍል ያስወጡታል። ውጭ ይቀመጣል። ካሜራው የቀዶ ጥገናውን ነገር ለማሳየት አይሮጥም። ይልቅ ሁለቱ አብረው ያሳለፏቸው ትንንሽ ቀናት ይመለሳሉ። ኬት ቡሽ ለዚያ ትዕይንት ብላ የጻፈችው ዘፈን ከላይ ይሄዳል፤ የተጻፈውም በሴትዮዋ ሳይሆን ውጭ በቆመው ሰው ዓይን ነው። አያችሁ? እሱም በር ነው። ቺካጎም ሆነ ሐይቅ፣ ወንዱ ውጭ ነው። ያስለቀሰን የሚመለሱት ቀናት ቀላልና አስቂኝ ስለነበሩ ነው። ቀልዱ ለለቅሶው ማስያዣ ሆኖ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

አንድ ጉድለት አለበት፣ እናንተም ወርሳችሁታል። ክሪስቲ ሰው አትመስልም። የጄክ ጭንቀት መንስኤ ናት እንጂ የራሷ ጭንቀት ያላት ሴት አይደለችም። ለዘሀራም ያደረጋችሁት ይኸው ነው። በ95 ገጽ ውስጥ ይመር በሌለበት አንድም ትዕይንት የላትም። ቆጠርኩ። እሷም እኮ ገና 19 ናት... ቆይ፣ ገጽ 4 ላይ 17 ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። 17ቱን ቀይሩት። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 79/1995፣ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ነው። የፌዴራሉም ያው ነው። ግን ሕጉን ለፈቃድ ሰጪ ስትሉ አይደለም የምላችሁ። ወሎ አዳራሽ ውስጥ ከሚቀመጡት እናቶች ስንቷ ናት ሳትፈልግ፣ ሳታድግ የተዳረችው? እናንተ «ገና 17 ናት፣ ወጥ መሥራት አታውቅም» ብላችሁ ስትቀልዱ እሷ አትስቅም። አንዴ ካልሳቀች ደግሞ እስከ መጨረሻው አታገኟትም። «በወጣትነት ማግባት» እና «ልጅን መዳር» የተለያየ ፊልም ነው። ዘሀራን 20 አድርጓት። ይመርን እሷ ራሷ እንደመረጠችው አሳዩን። ለምን እንደመረጠችው ከነገራችሁን ደግሞ ግማሹ የስክሪፕት ችግር ይፈታል።

የዘሀራን ብቸኛ ትዕይንት የት ታስገቡት? እኔ ብሆን አምሮት ላይ አስገባዋለሁ። ስክሪፕቱ ውስጥ አምሮቷ ይመርን ማሯሯጫ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት የባቲ ብርቱካን፣ ጠዋት ጭቃ። ያስቃል። አንድ ቀን ግን ይመር የሌሊት ፈረቃ ሆኖ ብቻዋን ናት። አሁን የሚያምራት ምንድን ነው? የሚያያት ሰው ሲጠፋ ምንም አያምራትም። ቁጭ ብላ ሆዷን ታናግራለች። ወይም ጎረቤቷን እትዬ አበባን ጠርታ «ያምማል እንዴ?» ትላለች። እትዬ አበባ አራት ወልዳለች። ትዋሻለች። «ኧረ ምንም አይደል፣ ቁንጥጫ ናት» ትላለች። ዓይኗ ግን ሌላ ይናገራል። ይህችን ጻፉልኝ።

ስለ ምጡ ጥቂት እውነት ልጨምር፤ ለቀልድም ይጠቅማችኋል። የናንተዋ ዘሀራ የእንሽርት ውሃዋ ቷ ብሎ ፈስሶ ከአራት ገጽ በኋላ ትወልዳለች። ይህ የፊልም ምጥ ነው። ውሃው ከምጡ ቀድሞ የሚፈሰው ከአስር ሴቶች ለአንዷ ገደማ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ አይቸኩልም። ዋናው ምጥ ብቻ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በፊት «ይሄ ምጥ ነው ወይስ ጨጓራ?» እየተባለ የሚታለፍ ረጅም ሰዓት አለ። ለእናንተ ይህ ሲሳይ ነው። ቸኩሎ ደርሶ ከዚያ ምንም የሌለበት ሰው የኮሜዲ ሁሉ አባት ነው። ይመር ሲሮጥ ይደርሳል፤ አዋላጇ ነርስ «ገና ነው፣ ወደ ቤት ውሰዳት» ትለዋለች። ሁለቴ ይመላለሳል። ሦስተኛው ጊዜ እውነተኛው ሲሆን እሱ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አገራችሁ የሰጣችሁን ነገር አልተጠቀማችሁበትም። ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ኮምቦልቻ ቆላ ቢጤ ነው፣ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ። መሃል ሐረጎ አለ። ጠመዝማዛው፣ ደኑ፣ ጉሙ። የደሴ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ያንን ጉም ያውቀዋል። መብራት አብርተህ እንኳ የፊትህን መኪና ጭራ አታይም። ስክሪፕታችሁ ውስጥ ይመር ስልክ ይደወልለታል፣ በሚቀጥለው ትዕይንት ሆስፒታል ነው። ሐረጎን ዘለላችሁት! የፊልሙን ሦስተኛ ክፍል ዘለላችሁት ማለት ነው።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። የሌሊት ፈረቃ ነው። ከፋብሪካው ወጥቶ ሚኒባስ የለም። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ያገኛል። ሹፌሩ ሰባት ልጅ አለው። እዚህ ጋ ፈተና ይመጣባችኋል፤ ሹፌሩን ቀልደኛ ማድረግ። አታድርጉት። ሹፌሩ በቁም ነገር ስለ ናፍጣ ያውራ። ስለ ጎማ። ሰባተኛው ልጅ ሲወለድ የት እንደነበር እንኳ አያስታውስም፤ «ሎጊያ መሰለኝ፣ ወይ ሚሌ» ይላል። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ይመር በእግሩ ቢሄድ የሚቀድም ይመስለዋል። አንዴ በሩን ከፍቶ ሊወርድም ይሞክራል። አዳራሹ ይስቃል። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ጉሙ ይወፍራል። ሳቁ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። እናንተ ምንም አላደረጋችሁም፤ ዳገቱ ነው የሠራው።

የሥራ ፈቃድም ጉዳይ አለ። ገጽ 40 ላይ አለቃው «ለወሊድ ወንድ ፈቃድ የለውም» ይላል። ስህተት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያገኛል። እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን። እውነቱ ከፈጠራችሁት ይልቅ ያስቃል እኮ። ሦስት ቀን! ይመር አለቃው ፊት ቆሞ ሦስቷን ቀን ሲከፋፍል አስቡት። አንዱ ለምጡ፣ አንዱ ለገንፎው፣ አንዱ ለእንቅልፉ። አለቃው ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ወረቀቱን ያነብለታል፣ ይፈርማል፣ «በአራተኛው ቀን ጠዋት እንገናኝ» ይላል። ደግ አለቃ የበለጠ ያስቃል።

ወሎነት ላይ ትንሽ ልቆጣ። ቡና የሚፈላበት ትዕይንት 14 አለ። ጫት የሚቃምበት 6። መንዙማ 5። ማስታወቂያ ነው እንዴ የምትሠሩት? የወሎ ሰው ራሱን ለማየት ሲመጣ ባህል አምባ ያየውን ትርዒት ድጋሚ አይፈልግም። ቡናውን አንዴ ብቻ ተዉት፣ ግን ሙሉውን። ዱበርቲዎቹ፣ ዱዓ የሚያደርጉት ሴቶች፣ ለዘሀራ የተሰበሰቡ ቀን። አቦሉ ላይ ወሬ፣ ሐሜት፣ የይመር ስም ሲብጠለጠል። ይመር ጓዳ ተደብቆ ሁሉንም ይሰማል። ቶናው ላይ ምክር ይጀመራል፤ እያንዳንዷ የራሷን ምጥ ትተርካለች፤ አንዷ ካንዷ የባሰ። በረካው ላይ ዱዓው ሲመጣ ሁሉም እጁን ይዘረጋል። እነዚያ ሲያሙት የነበሩ ሴቶች አሁን ስሙን ጠርተው ይመርቁታል። እሱ ጓዳ ሆኖ ብቻውን «አሚን» ይላል። ድምፁ ያመልጠዋል። ሁሉም ዞረው ያያሉ። አንድ ትዕይንት፣ ስድስት ደቂቃ። 13ቱን ቡና ሰረዝኩላችሁ።

ሙዚቃውን በአጭሩ። ምጡ ላይ ትዝታ ማስገባት ትፈልጋላችሁ። አይሆንም። ትዝታ ገና ሳይጀመር የሰው እንባ የሚያስመጣ ቅኝት ነው፤ እናንተ ያልሠራችሁትን ሥራ ይሠራላችኋል፣ ተመልካቹም ያውቅባችኋል። ባቲም አምባሰልም ከደጃችሁ ናቸው። አንድ የደሴ መሰንቆ ተጫዋች ያዙና ሐረጎ ላይ ብቻ፣ ያለ ግጥም ይጫወት። የታወቀ ዘፈን ያለ ፈቃድ አትጠቀሙ። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ለታዋቂም ለጀማሪም አንድ ነው።

ሕፃኑን በተመለከተ። «የአጎቴ ልጅ በዚያ ሰሞን ትወልዳለች» ብላችኋል። ደስ ይላል፣ ግን ቀረጻውን በሷ ላይ አትንጠልጥሉ። ልጅ በፕሮግራም አይወለድም። አራስ ልጅ ደግሞ መብራት ሥር የሚውል ዕቃ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ15 ቀን እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን በቀን ከ20 ደቂቃ በላይ ካሜራ ፊት እንዳይውል በሕግ ተከልክሏል። ሥራቸው ፊልም የሆነ ሰዎች እንኳ ይህን ያህል ይጠነቀቃሉ። እናንተም የተጠቀለለ ጨርቅና የተቀዳ ድምፅ ይበቃችኋል። ፊቱን አንዴ፣ መጨረሻ ላይ፣ በቀን ብርሃን አሳዩን።

ወደ መጨረሻው ደረስን። ገጽ 90 ላይ ይመር ልጁን ታቅፎ ሁለት ገጽ ንግግር ያደርጋል። «አባት መሆን ማለት...» እያለ። ማንም የ22 ዓመት ልጅ እንዲህ አይናገርም። የ60 ዓመት ሰውም አይናገርም። የኛ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ሰርግ ላይ ያልቃሉ፤ ከሰርግ ወዲህ ያለውን አባት እምብዛም አናየውም። የሚገርመው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው፣ ርዕሱ «ሂሩት አባቷ ማነው» ነበር። በጥያቄ ጀምረን ነበር ማለት ነው። እናንተ መልስ ልትሰጡ አትቸኩሉ።

ከንግግሩ ይልቅ ሥራ ስጡት። እስካሁን በምጡ ነገር ይመር ምንም ሥራ አልነበረውም። ወደ ውጭ ውጣ፣ ፈርም፣ ጠብቅ። ልጁ ሲወለድ ግን ለሙስሊም አባት አንድ ሥራ አለ። ሕፃኑ ቀኝ ጆሮ ላይ አዛን ማለት። ይመር ይህን ጥሪ በቀን አምስት ጊዜ ሲሰማ ነው ያደገው። በሩ ይከፈታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባል። ከሴቶቹ አንዷ፣ እማማ ከድጃ፣ ልጁን ትሰጠዋለች። «በል» ትለዋለች። ይጀምራል። መሃል ላይ ይጠፋበታል። ያውቀዋል፣ ግን ጠፋ። ዘሀራ አልጋው ላይ ሆና፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ቀጣዩን በሹክሹክታ ታስታውሰዋለች። አዳራሹ ሊስቅ ይችላል። ይሳቅ። ይህን ስትጽፉ ግን አንድ ሸህ ወይም ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር፤ አንድ ቃል እንዳይዛነፍ።

ስሙንም እዚያው አታውጡ። የሂዩዝ ፊልም ሲያልቅ፣ ስሞቹ በሚያልፉበት ሰዓት ታዋቂ ሰዎች እየተራ ለሕፃኑ ስም ይጠቁማሉ። ይሄ ለወሎ የተሠራ ይመስላል! የኛ ልጅ መቼ ነው አንድ ስም ኖሮት የሚያውቀው? አባቱ አንድ ይለዋል፣ አያቱ ሌላ ትለዋለች፣ ጎረቤቷ እትዬ አበባ ደግሞ የራሷን። እስከ ሰባተኛው ቀን አቂቃ፣ ለልጁ በግ እስከሚታረድበት ቀን ድረስ፣ ስድስት ስም ይኖረዋል። የተዋንያኑ ስም ሲወርድ የደሴን ሰው አቁማችሁ ጠይቁ። ሸዋ በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋን፣ ሊስትሮውን፣ ያንን የባጃጅ ሹፌር። «ስሙን ማን እንበለው?» ወጪው አንድ ማይክ ነው።

ሁለተኛውን ድራፍት ሙሉውን አትላኩልኝ። የዘሀራንና የእትዬ አበባን ትዕይንት ብቻ መጀመሪያ ላኩ። እሷ ከሠራች ሌላው ይከተላል። የክብሪቱን ታሪክ ከወደዳችሁት ውሰዱት። ባለቤቴን ግን አስፈቅዱ። የሷን ምጥ እኔ ስተርከው ደስ አይላትም። «አንተ እኮ ሱቅ ነበርክ» ትላለች።